ከኋላ የሚጠራ ስም

አባቴ ጃንጥላ ይጠግናል። ሻንጣም ይጠግናል፣ ዚፕም ይቀይራል፤ ግን ሥራው ምን እንደሆነ የጠየቀው ሰው ካለ መልሱ «ጃንጥላ» ነው፣ ያውም ቀና ሳይል። ሻንጣ ለእሱ ዝናብ እስኪመጣ እጅ ማፍታቻ ነው።

ወርክሾፓችን ከዳቦ ቤት በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ከሥር የምድጃው ሙቀት በወለሉ በኩል ይመጣል፤ ከላይ ጃንጥላዎች ተሰቅለዋል። የተጠገኑት ጥብቅ ብለው ተጠቅልለዋል፣ ያልተጠገኑት ክንፋቸውን ጥለዋል። ያለን አንድ ጠረጴዛ ነው፤ እሱ ከመስኮቱ ወገን፣ እኔ ከበሩ ወገን፣ ፊት ለፊት እንቀመጣለን። የመስኮቱ ወገን መርፌና ሽቦ ነው፤ የበሩ ወገን ኮምፒውተርና ፈገግታ።

ያን ቀን ጠዋት ኢሜይሉን ስከፍት አባቴ የአንዲት ግራጫ ጃንጥላ ማሰሪያ ላይ የመጨረሻዎቹን ስፌቶች እያሳረፈ ነበር። ልማዱ ነው። ጥገናው ካለቀ በኋላ ማሰሪያዋን ይገለብጥና ውስጠኛው ገጽ ላይ በቡናማ ክር ትንንሽ ስፌቶች ጣል ጣል ያደርግበታል። እንዳይላቀቅ ይሆናል ብዬ ጠይቄው አላውቅም።

«ምንድን ነው?» አለኝ።

«ምኑ?»

«ትንፋሽሽን ያዝሽ እኮ።»

«ማስታወቂያ ነው፣ አባዬ።»

«ማስታወቂያ ትንፋሽ አያስይዝም፤» አለና ወደ ክሩ ተመለሰ።

ማስታወቂያ አልነበረም። የኢንተርኔት አድራሻዎችን ከሚመዘግበው መሥሪያ ቤት የመጣ ነበር። አንድ ትልቅ የብሩሽና የመጥረጊያ ፋብሪካ አቤቱታ አቅርቦብናል። «ጃርት» የሚለው ስም የፋብሪካው የተመዘገበ የንግድ ምልክት ነው፤ በዚያ ስም የተከፈተውን ገጽ ግን የያዝነው እኛ ነን፤ ስለዚህ አድራሻውን እንድናስረክብ ይጠየቃል። ከታች የፋብሪካው ምልክት አለ፦ ጀርባው መጥረጊያ የሆነ ደስተኛ ጃርት።

ድምፄን ከፍ አድርጌ ላነብለት አልቻልኩም። ምክንያቱም ጃርት ማለት አባቴ ነው። ይህን ደግሞ ከእሱ በቀር ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል።

ስሙ የወጣለት እኔ ሳልወለድ ነው። ወሬው እንደሚለው፣ ከዝናብ በኋላ በነበረ አንድ ቀን አባቴ የተሰባበሩ ጃንጥላዎች የሞሉበት ጆንያ ተሸክሞ አውቶቡስ ይሳፈራል። ሽቦዎቹ ጆንያውን በስተው በየአቅጣጫው ቆመዋል። አንድ ሰው ጠጋ ሊል ሲሞክር አባቴ ሳይዞር «አትጠጉኝ!» ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ስሙ ለሳምንት ይቆይና ይረሳ ነበር፤ አባቴ ግን በየቀኑ እያደሰ አቆየው። ጃንጥላን በዘንጉ ወርውሮ ለሚያስቀምጥ ደንበኛ የሚናገረውን እዚህ አልደግመውም።

ፊት ለፊት ግን ማንም ብሎት አያውቅም። ፊት ለፊት «ጋሼ» ነው። የሰፈሩ ልጆች መንገድ ከማቋረጥ ጋር አብረው የሚማሩት ነገር ነው፦ ግራና ቀኝ እይ፣ እሱ ካለ ጋሼ በል። ጥላቻ አይደለም፤ እንዲያውም አንድ ሰው ስለ አባቴ ክፉ ቢናገር «ጃርትን ተዉት!» ብለው የሚነሱት እነሱው ናቸው።

የድሮው ሱቃችን የነበረበት ሕንፃ ፈርሶ ወደዚህ ፎቅ ስንወጣ ደንበኛ ጠፋብን። መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ቀና ብሎ ጃንጥላ ጠጋኝ አይፈልግም። ስንጠፋባቸው የሚፈልጉን ሰዎች ደግሞ የሚጠይቁት «ጃርት የት ገባ?» እያሉ ነበር። የአባቴን እውነተኛ ስም የሚያውቀው የለም፤ ፖስተኛው እንኳ «ለላይኛው» ብሎ ነው ደብዳቤውን ዳቦ ቤት የሚተወው። እኔም ገጽ ስከፍት ሰው በሚፈልገን ስም ከፈትኩት። አባቴ ስልክ አይነካም፣ ስክሪን አያይም፤ «ኢንተርኔት ላይ አለን» ስለው «ጥሩ፣ አቧራ እንዳይነካን» ብሎኛል። ከዚያ ጀምሮ ደረጃውን የሚወጣው ሰው ሁሉ በዚያ አድራሻ የመጣ ነው። አባቴ ግን ጥሩ ሥራ እግር አለው፣ ራሱ ደንበኛ ያመጣል ብሎ ያምናል። አላረምኩትም።

አድራሻው ከሄደ ደረጃው ጭር ይላል። ደረጃው ጭር ካለ አባቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ምን ያደርጋል? ይህን ማሰብ አልፈለግሁም። ተነሥቼ ይግባኝ ጋ ሄድኩ።

ይግባኝ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ናት፤ ጠበቃ ሆናለች። ስሙ የወጣላት አንድም የፈተና ውጤት ያለ ክርክር ተቀብላ ስለማታውቅ ነው። ቢሮዋ ከአንድ የኢንሹራንስ ወኪል ጋር በመጋረጃ የተከፈለ ክፍል ነው፤ ምስጢር ስትናገር ድምጿን ሳይሆን መጋረጃውን ነው የምትነካካው።

አቤቱታውን ቆማ አነበበችው።

«እሺ። አንደኛ፣ አድራሻው ከምልክታችን ጋር አንድ ነው ይላሉ። አንድ ነው፤ እሱን ተይው። ሁለተኛ፣ ስሙ ላይ ምንም መብት የላችሁም ይላሉ። ሦስተኛ፣ በክፉ ልብ ነው የያዛችሁት፣ በኋላ አስወድዳችሁ ልትሸጡልን ነው ይላሉ።»

«እኔ? በክፉ ልብ?»

«ይሄን ማን ጻፈው?» ከአባሪዎቹ አንዱን አነበበችልኝ። አምና ፋብሪካው አድራሻውን እንድንሸጥለት ሲጠይቅ የመለስኩት ነው፦ «እባካችሁ ትንሽ ታገሡኝ፤ ነገሩ ስስ ነው።»

«እውነቴን ነው፣ ስስ ነው!»

«የኔ ቆንጆ፣ በጠበቃ ዓይን ሲነበብ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? ጨምሩ ነው የሚለው።» ወረቀቱን ጣለችና ተቀመጠች። «አይዞሽ፣ መውጫ አለ። አንድ ሰው በአንድ ስም በሰፊው የሚታወቅ ከሆነ፣ ምልክት አድርጎ ባያስመዘግበውም፣ በስሙ አድራሻ ሊይዝ ይችላል። ደንቡ ራሱ ነው የሚለው። ስለዚህ ሰዎች ‹እኛ ይህን ሰው የምናውቀው ጃርት ብለን ነው› ብለው ይፈርሙልን። አለቀ።»

«እሱ ያየዋል?»

«አቤቱታው የቀረበበት እኮ እሱ ነው፤ ንግድ ፈቃዱ የማን ነው? ያየዋል፤ ይፈርምበታልም።»

«ሌላ መውጫስ?»

«አለ። አድራሻውን መስጠት።»

ከመጋረጃው ወዲያ የኢንሹራንስ ወኪሉ ሳቅ አመለጠው። «ይቅርታ፣» አለ። «ለካ ጃርት አባትሽ ናቸው? ጃንጥላዬን እሳቸው ናቸው የሠሩልኝ።»

«ትፈርማለህ?» አለችው ይግባኝ።

ያልጮኸ ስልክ ሲያነሳ ሰማነው።

ከዳቦ ቤቱ ጀመርኩ። ባለቤቷን ሁላችን እትዬ እንላታለን፤ ክንዷ ድረስ ዱቄት ናት፣ ስታወራ የሚቦካውን ሊጥ እንደ ተከራካሪ ትመታዋለች።

«ማን አወጣለት? እኔ ነኛ! አውቶቡሱ ውስጥ እኔ ነበርኩ! ጆንያው ይህን ያህል፣ ሽቦው እዚህ ድረስ፣ ‹አትጠጉኝ› ሲል፣ ‹አቤት፣ ጃርት!› አልኩ። አውቶቡሱ በሳቅ ፈረሰ። ሹፌሩ ቆመ እኮ! ስሙ የኔ ነው። ለማንም ንገሪ።»

«እንግዲያው እዚህ ላይ ፈርሚልኝ፣ እትዬ።»

እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ መነጽሯን አጠለቀች፣ አነበበች፣ መነጽሯን አወለቀች።

«ይህን እሱ ያየዋል?»

«ያየዋል።»

«ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ? ያወጣው ፀጉር አስተካካዩ ነው። እሱን ጠይቂው።»

ፀጉር አስተካካዩ ከመንገዱ ማዶ ነው። ስገባ አንድ ሰው ፊቱ እስከ ዓይኑ አረፋ ተቀብቶ ተጋድሟል።

«እትዬ አወጣሁ አለች?» ምላጩን አየር ላይ አቆመው። «ስሚ፣ ፀጉሩን የምቆርጠው እኔ፣ ማበጠሪያዬ የተሰበረብኝ እኔ፣ ስም የምታወጣው እሷ? እንዴት ያለ ዘመን ነው? ጃርት ብዬ የሰየምኩት እዚህ ወንበር ላይ ነው። ወንበሩ ይመስክር!»

«ወንበሩ መፈረም አይችልም። አንተ ፈርምልኝ።»

ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ያዘው። «ጋሼ ያዩታል?»

«ያዩታል።»

«እንግዲህ… የሰው ሐቅ መብላት ጥሩ አይደለም። ስሙ የእትዬ ነው።»

ከአረፋው ውስጥ ድምፅ መጣ። «እኔም ጃርት ነው የምላቸው።»

«አንተስ ትፈርማለህ?»

«ጃንጥላዬ እሳቸው ጋ ነው።»

መንገዱን ጫፍ እስከ ጫፍ ዞርኩት። ሁሉም በአፉ ጃርት ይላል፣ ይስቃል፣ ከአባቴ ጋር የተጣላበትን ቀን በፍቅር ይተርካል፤ እስክሪብቶ ሳቀርብለት ግን እጁ ይታመማል። ባዶ እጄን ላለመስደድ ግን ተስማምተው ሌላ ወረቀት ጻፉልኝ፦ አባቴ ታማኝ፣ ጨዋና ለሰው አዛኝ ሰው ነው። ይህን ፀጉር አስተካካዩም ፈረመ፣ እትዬም ፈረመች፣ አረፋ የተቀባው ሰውዬም ፊቱን ታጥቦ መጥቶ ፈረመ።

ይግባኝ አየችውና ግንባሯን ያዘች። «ይሄ ለመንግሥተ ሰማያት ማመልከቻ ይሆናል። ለኢንተርኔት አድራሻ አይሆንም።»

ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት ሁለቱ ወገኖች ከአንድ አስማሚ ፊት ቀርበው እንዲነጋገሩ ደንቡ ያዛል። አባቴ መቅረብ ነበረበት። ስለዚህ ስሙን ሳላነሣ ነገርኩት፤ ሰውን ሳይጠሩ ሐሜት እንደማውራት ነው፣ ብዙ ልምምድ ይጠይቃል።

«አንድ ፋብሪካ ኢንተርኔት ላይ ያለውን አድራሻችንን ይፈልገዋል፣ አባዬ። መነጋገር አለብን።»

«ጃንጥላ ይሠራል?»

«መጥረጊያ።»

«መጥረጊያ ሠሪ ከጃንጥላ ጠጋኝ ምን ይፈልጋል?»

«ስሙን… አድራሻውን።»

ጥቂት አየኝ። ከዚያ «ኮቴ ይተኮስ፤» አለ።

እትዬ ምስክር ሆና ልትመጣ ተስማማች። «በአፌ እላለሁ። አልፈርምም እንጂ መች አልናገርም አልኩ? አንድ ሰበብ ፈልጋችሁ እሱን ከክፍሉ አውጡልኝ፣ እኔ አንበሳ ነኝ።»

በቀጠሮው ቀን ዝናቡ ወረደ። አባቴ ዝናብ ሲያይ ፊቱ እንደ ገበሬ ይበራል። በአውቶቡስ እስክንደርስ ድረስ የመንገደኛውን ጃንጥላ ሁሉ ከመስኮት እያየ ፈረደበት፦ «ያቺ እስከ ማታ አትደርስም። ያኛው ዘንጉ ዝጓል። ይሄን ማን ነው የሸጠለት? ይታሰር።»

የስብሰባው ክፍል ረጅም ጠረጴዛ፣ የላስቲክ አበባና የሚንጫጫ ማሞቂያ ነበረው። ከበሩ ኋላ የተቀመጠ ቅርጫት ውስጥ ሁላችን እርጥብ ጃንጥላችንን ጨመርን። አስማሚው ለስላሳ ድምፅ ያለው፣ እርሳሱን ዘወትር በጆሮው ላይ ረስቶ የሚፈልግ ሰው ነው። ከማዶ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ተቀምጣለች፤ አጭር ፀጉር ያላት፣ ቆጠብ ያለች ሴት። ከጎኗ ጠበቃዋ፦ ወጣት፣ ክራባቱ አዲስ፣ ጃንጥላው ሰባራ።

ሰባራ መሆኑን ያየው አባቴ ነው። ገና አስማሚው እንኳን ደህና መጣችሁ ሲል ተነሥቶ ወደ ቅርጫቱ ሄደ፣ የጠበቃውን ጃንጥላ አወጣ፣ ይዞት መጥቶ ተቀመጠ።

«ይቅርታ፣ አባባ፣ እሱ የኔ ነው፤» አለ ጠበቃው።

«አውቃለሁ። ቀጥል።»

ከኮቱ ኪስ ጉጠቱን፣ መርፌውንና ክሩን አወጣ። አስማሚው ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ላስቲኩ አበባ አየሁ። ንግግሩ ተጀመረ።

ጠበቃው ተዘጋጅቶበታል። የምዝገባውን ማስረጃ ደረደረ፣ ያንን ኢሜይሌን አነበበ፣ «ስስ ነው» የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁን አቀጠነው። ከዚያ «ዋናው ጉዳይ ይህ ነው፤» አለ። «በንግድ ፈቃዱ ላይ ያለው ስም ሌላ ነው። በበሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ‹ጃንጥላ ጥገና› ነው። ጃርት የሚባል ሰው የለም። ጃርት ብሎ የሚጠራቸው አንድም ሰው አልቀረበም።»

ቃሉ ክፍሉ ውስጥ ወጣ። ያን ሁሉ ዘመን ከአባቴ ጆሮ ስንጠብቀው የኖርነው ቃል፣ አንድ ክራባት ያሰረ ልጅ ሁለቴ ጠራው። አባቴን በጎን አየሁት። ሽቦ እያቃና ነበር። እጁ አልቆመም።

አስማሚው ወደ እትዬ ዞረ። «እርስዎ ጎረቤት ነዎት። እኚህን ሰው ምን ብለው ይጠሯቸዋል?»

እትዬ አባቴን አየችው። ዱቄት የሌለው ክንዷ እንግዳ ይመስል ነበር።

«ጋሼ፤» አለች።

«ከዚያ ሌላ?»

«ጋሼ… ጎረቤቴ።»

ይግባኝ ጣልቃ ገባች። «ከኋላቸው ግን ሰዎች ምን ይሏቸዋል?»

«ከኋላቸው?» አንበሳዋ እትዬ ምራቋን ዋጠች። «ከኋላቸውማ ኮታቸው ነው ያለው።»

ሥራ አስኪያጇ ሳል ያዛት። ጠበቃው ፈገግ አለ። «ይመዝገብልኝ፤» አለ።

ይግባኝ ብድግ አለች። «ክቡር አስማሚ፣ ምስክሯ በነፃነት እንዲናገሩ ጋሼ ለአንድ አፍታ ውጭ ቢቆዩልን…»

«አልወጣም፤ ሥራ ይዣለሁ፤» አለ አባቴ። ክሩን በጥርሱ በጠሰ። «ሴትዮዋን ለምን ታስጨንቋታላችሁ? ጃርት ይሉኛል።»

አስማሚው እርሳሱን መፈለግ ተወ።

«ያውቁ ነበር?» አለ አስማሚው።

«ጆሮ አለኝ እኮ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአውቶቡሱ ጀምሮ። ይቺው ናት ያለችው፤» ወደ እትዬ አመለከተ። «ድምጿ አይጠፋኝም። ፀጉር አስተካካዩ እኔ ነኝ እያለ ሲያስወራ እሰማለሁ፤ ውሸቱን ነው።»

እትዬ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ከሥሩ ግን የሚታየው ደስታ ነበር። ክርክሩን አሸንፋለች።

«ይህ እንግዲህ የራሳቸው ቃል ነው፤» አለ ጠበቃው ቶሎ ብሎ። «ዛሬ ለጉዳያቸው ሲሉ…»

«ጃንጥላሽን አቀብይኝ፤» አለ አባቴ እትዬን። ሄዳ ከቅርጫቱ አመጣችለት፤ ድሮ፣ ገና የድሮው ሱቅ ሳይፈርስ የጠገነላት ሰማያዊ ጃንጥላ ነው። ማሰሪያዋን ፈታ፣ ገለበጠ፣ ለአስማሚው አቀረበ። እኔ ጎኑ ነበርኩ። እነዚያን ቡናማ ስፌቶች ዕድሜዬን ሙሉ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኜ ስለማያቸው፣ የማያቸው ተዘቅዝቀው ነበር ለካ። አሁን ከእሱ ወገን አየኋቸው፦ ጉብ ያለ ጀርባ፣ ሹል አፍንጫ፣ አንዲት የክር ነጥብ ዓይን፣ ከላይ የቆሙ እሾሆች።

ጃርት ነው። ትንሽዬ፣ የተቆጣ ጃርት።

«የጠገንኩት ሁሉ ላይ አለ፤» አለ አባቴ። «ሌላው አበላሽቶ ‹እሱ ነው የሠራው› እንዳይል። የኔ ከሆነ ይመለስልኝ፣ ደግሜ እሠራዋለሁ። ይቺ ከሌለች የኔ ሥራ አይደለም ማለት ነው።»

ሥራ አስኪያጇ ተነሥታ መጣች፤ ጎንበስ ብላ ማሰሪያውን በጣቷ ዳሰሰችው። የምልክት ሰው ናት፤ ዓይኗ ያውቃል። «ከእኛው የተሻለ ተሥሏል፤» አለች። «ይሄ እኮ የንግድ ምልክት ነው።»

«ይመዝገብልኝ፤» አለች ይግባኝ።

ጠበቃው ክራባቱን ነካካ።

«ግን ጋሼ፣» አለች እትዬ፣ አሁን ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ «ካወቁ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አሉን?»

አባቴ አሰበ። ይህን ጥያቄ ለራሱም ያቀረበው አይመስልም።

«ብቆጣ አያምርብኝም፤ ስሙ ያስቃል። ስቄ ብቀበለው ደግሞ ምኑን ጃርት ሆንኩት? ወዲያው ሌላ ታወጡልኝ ነበር። ወድጄዋለሁ። ዝም አልኩ።»

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነበር። ሥራ አስኪያጇ የፈራችው ብሩሽ ፈላጊ ተሳስቶ እኛ ጋ እንዳይሄድ መሆኑን ተናገረች። እውነቷን ነው፣ ይመጣሉ፤ እየደወሉ መጥረጊያ የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው፣ የፋብሪካውን ስልክ እየሰጠሁ እሸኛቸዋለሁ አልኳት።

«እናንተ ናችሁ እንዴ?» አለች። «እኛም ጃንጥላ ትጠግናላችሁ ወይ እያሉ ይደውሉልናል። ሰዉ ምን ነካው እንል ነበር።»

አድራሻው የእኛ ሆኖ እንዲቀር ተስማማን። በገጻችን አናት ላይ ብሩሽና መጥረጊያ የሚፈልግ ወዴት እንደሚሄድ አንድ መስመር እንጽፋለን፤ እነሱም ለጃንጥላ እንዲሁ ያደርጋሉ። እኛ መጥረጊያ ላንሸጥ ቃል ገባን።

«መጥረጊያ? እኔ?» አለ አባቴ፣ እንደ ተሰደበ ሰው።

ስንወጣ ጠበቃው ጃንጥላውን ከአባቴ ተቀበለ። ከፈተው፣ ዘጋው፣ ደግሞ ከፈተው። አንዲት ሽቦ አልተንቀጠቀጠችም። ሊጠቀልለው ማሰሪያውን ሲይዝ ገለበጠውና ቆመ። ክርክሩ ረጅም ስለነበረ አባቴ ስፌቱን ጨርሶታል። ተቃራኒ ወገን የእኛን ምልክት ይዞ ወደ ዝናቡ ወጣ።

ወሬ ከአውቶቡስ ይፈጥናል። የእኛ መንገድ ጫፍ ላይ ስንወርድ ፀጉር አስተካካዩ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። እትዬ አስቀድማ ደውላለች፤ ደስታዋን መያዝ አልቻለችም። እሱም ሁለት እጁን ዘርግቶ መንገዱን አቋርጦ መጣ።

«እንኳን ደስ አለህ፣ ጃርት!»

መንገዱ ቆመ። ዳቦ ይዞ የሚሄድ ቆመ፣ መስኮት የምትወለውል ቆመች። አባቴም ቆመ። ከመነጽሩ በላይ አየው።

«ማን አልከኝ?»

የፀጉር አስተካካዩ እጆች ቀስ ብለው ወረዱ። «ጋ… ጋሼ። እንኳን ደስ ያለዎት፣ ጋሼ።»

«እንዲያ ነው እንጂ፤» አለና ደረጃውን ወጣ። ከኋላችን መንገዱ በሙሉ እፎይ ሲል ሰማሁት።

ላይ ስንደርስ ኮቱን ሰቀለ፣ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ፣ አንዲት ያልተጠገነች ጃንጥላ ሳበ። እኔ ኮምፒውተሩን ከፍቼ የተስማማነውን መስመር መጻፍ ጀመርኩ። የዳቦው ሙቀት በወለሉ መጣ። ደረጃው ላይ የሰው ኮቴ ይሰማል፤ የሆነ ሰው የተሰበረ ጃንጥላውን እያንኳኳ እየወጣ ነው።

«እንደው፣» አለ አባቴ፣ ክር ወደ መርፌው እያስገባ፣ «ይሄ ኢንተርኔት የምትሉት ነገር፣ ለሰው ፊት ለፊት ነው ወይስ ከኋላ?»

አሰብኩበት። ትክክለኛ መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው።

«ከኋላ ነው፣ አባዬ።»

«እንግዲያው ይቀመጥ፤» አለ፣ ቀና ሳይል።